ለጭነት መኪናዎ የትኛው ቴፕ ይሻላል? አብሮት የመጣው ወይስ ከገበያ የሚገዛው?

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ መተማ በሚመላለስ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ከመሪና ከፍሬን ቀጥሎ ሹፌሩ አጥብቆ የሚፈልገው ዕቃ ቢኖር ቴፑ ነው። ካሴት የሚጎርሰው ቴፕ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ፍላሽ የሚሰካበትም ሆነ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘው ዕቃ በሹፌሮች አፍ ስሙ ያው "ቴፕ" በመሆኑ እኛም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ሰሊጥ ጭኖ ከገንዳ ውኃ በመነሳት በሌሊት የጭልጋን ዳገት ለሚወጣ ሹፌር ዘፈኑና ዜናው የብቸኝነት ማባረሪያ ብቻ ሳይሆን የእንቅልፍም መከላከያ ነው።

አዲስ መኪና የገዛም ሆነ ያገለገለ የገዛ ባለንብረት ታዲያ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ፋብሪካው ገጥሞ የላከው ቴፕ ይበቃል? ወይስ እሱ ወጥቶ ከገበያ የተገዛ ሌላ ይግባ? በየሱቁ ይህ ጥያቄ የሚመለሰው በድምፅ ነው። ሻጩ ከፍ አድርጎ ያሰማል፣ ገዢው ይደነቃል፣ ዋጋ ይቆረጣል። በዛሬው የገበያ ገጻችን ልናሳይ የምንፈልገው ግን የጭነት መኪና ቴፕ ምርጫ በቅድሚያ የባትሪ ጉዳይ መሆኑን ነው። ሞገዱ ሁለተኛ ነው። የድምፁ ማማር በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል።

ደባርቅ ላይ ያልተነሳው መኪና

ይህ ጸሐፊ በቅርብ የሚያውቃቸው አንድ የጎንደር ሰው አይሱዙ አላቸው። አብሮት የመጣው ቴፕ ፍላሽ ስለማይቀበል ሹፌራቸው ወትውቶ ወትውቶ አዲስ አስገዛቸው። የገጠመው ሠራተኛ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሥራውን ጨርሶ የእጁን ተቀበለ። ቴፑም ሁለት ወር ያህል ያለ እንከን ዘፈነ። በታኅሣሥ ወር አንድ ማለዳ ግን ገብስ ጭኖ ደባርቅ ያደረው መኪና ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው "ጠቅ" ብሎ ቀረ። የተጫነ መኪና ተገፍቶ አይነሳ! ከሌላ መኪና ባትሪ ተለምኖ እስኪነሳ እኩለ ቀን ሆነ፤ ገበያውም አለፈ።

ባለንብረቱ አንደኛው ባትሪ ሞቷል ተብለው ቀየሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ አዲሱም እንደ አሮጌው ሆነ። የሐሰት ባትሪ ሸጡልኝ ብለው ከባትሪ ነጋዴው ጋር ተኳረፉ። በመጨረሻ ሌላ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ መለኪያውን አውጥቶ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ሲለካ አንዱ ከልክ በላይ ሞልቶ ሌላው ጎድሎ ተገኘ። ከሁለቱ መጋጠሚያ ላይም አንዲት ቀጭን ሽቦ ተነስታ ወደ ጋቢናው ትሄዳለች። የባትሪ ነጋዴው ከደሙ ንጹሕ ነበሩ። ጥፋቱ የቴፑ አገጣጠም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤት መኪና፣ ሃይሉክስና ሚኒባስ የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው። በሀገራችን መንገዶች ላይ የምናያቸው የአይሱዙ የጭነት መኪናዎች፣ ሲኖትራክ፣ የኢቬኮ ትራከርና መሰሎቻቸው ግን ባብዛኛው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ሁለት ባትሪ የሚጫንባቸውም ለዚህ ነው። ባለ 12 ቮልት ሁለቱ ባትሪዎች የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ታስሮ ድምሩ 24 ይሆናል። በገበያ ላይ ያለው ቴፕ ደግሞ አብዛኛው የተሠራው ለቤት መኪና ስለሆነ 12 ቮልት ብቻ ይፈልጋል። 24 ቢሰጡት ይቃጠላል። ታዲያ አቋራጭ የሚወድ ሠራተኛ ምን ያደርጋል? ከሁለቱ ባትሪዎች መጋጠሚያ ላይ 12 ቮልት ይቀዳል። ቴፑ ይሠራል፤ ባለንብረቱ ይደሰታል፤ ሠራተኛውም ይሸኛል።

ዲናሞው ግን የሚያውቀው የሁለቱን ድምር ብቻ ነው። 28 ቮልት ገደማ ከላከ ለእያንዳንዳቸው 14 ደረሰ ብሎ ያምናል። ቴፑ የሚጠባው የታችኛውን ባትሪ ብቻ ስለሆነ እሱ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። የታችኛው ወደ 13 ቮልት ወርዶ የላይኛው ወደ 15 ቢወጣ ድምሩ ያው 28 ነውና ዲናሞው ስሕተት አይታየውም። የታችኛው በረሃብ፣ የላይኛው በጥጋብ ይሞታሉ ማለት ነው። አዲስ ባትሪ መግዛት ነገሩን የማያድነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሽቦዋ እስካለች ድረስ አዲሱም በአሮጌው መንገድ ይሄዳል።

ይህ ጉዳት በሰሜን ጎንደር ደጋ ከሌላው ቦታ ቶሎ ይታወቃል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። የሌሊቱ ብርድ ወደ 0 ዲግሪ በተጠጋ ቁጥር አንድ ባትሪ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በዚያው ሰዓት የናፍጣ ሞተሩ ዘይቱ ስለሚወፍር ለመዞር ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ጎዶሎ ባትሪ ጎንደር ላይ እንደምንም አስነስቶ ደባርቅ ላይ የሚያሳፍረው ለዚህ ነው። ያው መኪና በሳምንቱ መተማ ሲወርድ ደግሞ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እዚያ ተራው የላይኛው ባትሪ ነው፤ ከልክ በላይ የተሞላው ውኃው ተንኖ ያልቅበታል። ባትሪ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር የሙያው ሰዎች የሚመሩበት ግምት ነው። ደጋና ቆላ የሚመላለስ መኪና ሁለቱንም ቅጣት ይቀበላል።

ምን ይደረግ?

መጀመሪያ አብሮት የመጣውን ቴፕ በደንብ ይመልከቱት። ለ24 ቮልት ታስቦ የተሠራ ነው። ሽቦውና ፊውዙ ፋብሪካው ባሰበበት ቦታ ናቸው፣ ልኩም ከዳሽቦርዱ ጋር ይገጥማል። ጉድለቱ ጉልበቱ አነስተኛ መሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ስፒከር ብቻ መኖሩ፣ የቀድሞዎቹም ፍላሽና ብሉቱዝ የማያውቁ መሆናቸው ነው። የመጨረሻው ጉድለት ግን ቴፑን ሳያወጡ በጥቂት ገንዘብ ይቃለላል። ከሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካ ትንሽ የኤፍ ኤም ማሠራጫ አለች፤ የፍላሹን ወይም የስልኩን ዘፈን ባዶ በሆነ የኤፍ ኤም ቁጥር ላይ ታሠራጫለች፣ ሬዲዮውም እንደ ጣቢያ ይቀበላታል። ስትገዙ 12 እና 24 ቮልት የምትችል መሆኗን አረጋግጡ። ድምጿ ከሲዲ ጋር አይወዳደርም። በዳገት ላይ በሚያጓራ የናፍጣ ሞተር አጠገብ ልዩነቱን የሚለይ ጆሮ ካለ ግን እኛም ልናየው እንወዳለን።

ቴፑ ከነጭራሹ ከተበላሸ ወይም ባለንብረቱ የግድ የተሻለ እፈልጋለሁ ካለ በቀጥታ በ24 ቮልት የሚሠራ ዕቃ መፈለግ ቀናው መንገድ ነው። አንዳንዶቹ ካርቶናቸው ላይ "12/24" ይላሉ። ካርቶን ብዙ ይናገራል። እርስዎ ማመን ያለብዎት ከዕቃው ራሱ ላይ፣ ከጀርባው ወይም ከጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ ነው። ከዚያም ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በ24 ቮልት መኪና ላይ ሻጩ ራሱ አስገጥሞ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። እምቢ ካለ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

በገበያ የሚበዛው ባለ 12 ቮልቱ ነው። እሱን የመረጠ ሰው 24ን ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር አብሮ መግዛት አለበት። ኮንቨርተሩ ኃይሉን የሚወስደው ከሁለቱም ባትሪዎች እኩል ስለሆነ አንዱን ለይቶ አይበድልም። ዋጋውም ከአንድ የጭነት መኪና ባትሪ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መኖሩን ልብ ይሏል። አንደኛው የተረፈውን ቮልት ወደ ሙቀት እየለወጠ የሚያባክን ነው። ሒሳቡን እንሥራው። 28 ቮልት ገብቶ 14 ሲወጣ ቴፑ 5 አምፔር ቢጠቀም፣ 14 በ5 ሲባዛ 70 ዋት በሙቀት መልክ ይጠፋል። የአንድ አምፖል ሙቀት ከዳሽቦርድ ጀርባ ታፍኖ መተማ ቆላ ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ሁለተኛው "ስዊቺንግ" የሚባለው ሲሆን ኃይሉን በከፍተኛ ፍጥነት እያቋረጠና እየቀጠለ ስለሚቀንስ ብዙ አይሞቅም። የእሱ ችግር ርካሹ በመካከለኛ ሞገድ ላይ "ዝዝዝ" የሚል ድምፅ ማስገባቱ ነው። ከአንቴናው ሽቦ አርቆ መግጠም ይረዳል።

የኮንቨርተሩን መጠን ለማወቅ ከቴፑ ጀርባ ያለውን ፊውዝ ያንብቡ። 10 አምፔር ቢል ኮንቨርተሩ ከ15 አይነስ፤ 15 ቢል ከ20 አይነስ። ብዙዎቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለአፍታ የሚችሉት እንጂ ከጎንደር እስከ መተማ ሙሉ መንገድ የሚችሉት አይደለምና። ወደ ኮንቨርተሩ በሚሄደው ሽቦ ላይም ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑር። ፊውዝ የሌለው ሽቦ ከብረት ጋር ተፋቅሞ የተላጠ ዕለት የሚቃጠለው ቴፑ ብቻ አይደለም፤ ጋቢናው ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ኮንቨርተሩ የመኪናው ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ መጥፋት አለበት፤ አለበለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ሲጠባ ያድራል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ቴፕ ያስቀመጡትን ጣቢያና ሰዓቱን ይረሳል። ይህ እንዳይሆን ብሎ "ለማስታወሻዋ ብቻ" ቢጫዋን ሽቦ ከባትሪዎቹ መጋጠሚያ የሚቀዳ ሠራተኛ አይጠፋም። አይፍቀዱለት። ጣቢያ መልሶ መፈለግ ባትሪ ከመለመን ይቀላል።

የየት ሀገር ሬዲዮ ነው?

ስለ ሞገድ ብዙ ገዢ አይጠይቅም። ጃፓን ለራሷ ሕዝብ በሠራቻቸው መኪናዎች ላይ ሬዲዮው ኤፍ ኤም የሚቀበለው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ በቅርብ ዓመታት የተሠሩት እስከ 95 ይደርሳሉ። በእኛ ሀገር ግን ሥርጭቱ እንደ አውሮፓ ከ87.5 እስከ 108 ባለው ውስጥ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ሁሉም ከ90 በላይ ናቸው። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ በዱባይ በኩል በመጡ ቪትዞች ውስጥ ሬዲዮው ደህና እያለ ጣቢያ የማይገኝበት ምክንያት ይኸው ነው። ከዚያው ከጃፓን መኪና የተፈታ ያገለገለ ቴፕ ለጭነት መኪናዎ ቢያቀርቡልዎ መጀመሪያ ቁጥሩ ስንት ድረስ እንደሚሄድ አዙረው ይዩ። ሞገዱን ዝቅ አድርጎ የሚያስገባ ትንሽ መቀየሪያ በአንቴናው ላይ የሚገጠም ቢሆንም ጣቢያውን የሚያገኙት በሌላ ቁጥር ላይ ነው፤ ጥራቱም ይቀንሳል።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ቴፕ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የአሜሪካ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ የሚዘለው በ10 በ10 ሲሆን የእኛ በ9 በ9 ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለረጅም ዘመን የታወቀበት 873 ኪሎ ኸርዝ ለአሜሪካው ቴፕ የለም፤ ከ870 ወደ 880 ይዘላል። በኤፍ ኤምም ከነጥብ በኋላ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ብቻ ይይዛል። ተስፋ አይቁረጡ፤ ብዙዎቹ የሀገር መለወጫ አላቸው። ከሥር ትንሽ ማብሪያ ሆና ትገኛለች፣ አለበለዚያም በውስጡ ዝርዝር ውስጥ ተደብቃለች። ወደ አውሮፓ ያዙሯት።

ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ሞገድ ስለሆነ ተራራ በጋረደው ቁጥር ይጠፋል። ሊማሊሞን ሲወርዱ በአንዱ ጥምዝ የተሰማው ጣቢያ በሚቀጥለው ቢጠፋ ቴፑን መውቀስ አይገባም፤ ውድ ቴፕም አያስተካክለውም። ተራራውን የሚሻገረው መካከለኛውና አጭሩ ሞገድ ነው። እዚህ ላይ ፋብሪካው የገጠመው አሮጌ ቴፕ ከአዲሱ የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ በገበያ ካሉት ርካሽ ቴፖች ብዙዎቹ ኤፍ ኤም ብቻ ናቸውና። መንገድ ተዘጋ ተከፈተ የሚለውን ዜና በጆሮው እየጠበቀ ለሚነዳ ሹፌር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋቱና ጩኸቱ

ካርቶኑ ላይ "4 ጊዜ 50 ዋት" ተብሎ ይጻፋል። አሁንም ፊውዙን እንጠይቀው። ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ያለው ቴፕ ከ14 ቮልት ሊስብ የሚችለው ቢበዛ 140 ዋት ነው። ከዚህም ወደ ድምፅ የሚለወጠው ከግማሽ ብዙም ያልበለጠ ስለሆነ ለአራቱ ስፒከሮች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 20 ዋት ቢደርሰው ነው። 200 ዋት የሚባለው ከየት መጣ? ከአሻሻጩ። ለአንድ ጠባብ ጋቢና 20 ዋት ከበቂ በላይ መሆኑን ግን መካድ አይቻልም።

ስፒከሮቹን በሚመለከት ለሠራተኛው የሚነገር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በአሮጌ መኪናዎች ላይ የስፒከሩ ኔጋቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር የተያያዘበት አገጣጠም ያጋጥማል። የዛሬ ቴፕ ይህን አይችልም። እያንዳንዱ ስፒከር ሁለት የራሱ ሽቦ ኖሮት ከብረት ሳይነካ እስከ ቴፑ መድረስ አለበት። አዲስ ቴፕ በተገጠመ በሰዓታት ውስጥ ተቃጠለ ሲባል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ሆኖ ሳለ "ፎርጅድ ነው" ተብሎ ይታለፋል።

አምፕሊፋየርና ትልቅ ስፒከር ከኋላ ስለመጨመር የተጠየቅን እንደሆነ፣ ለጭነት መኪና አንመክርም። ሊማሊሞ ላይ ሹፌሩ መስማት ያለበት ብዙ ነገር አለ። የንፋስ ፍሬኑ ግፊት ሲወርድ የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያ፣ የጎማውን ድምፅ፣ ከጥምዙ ማዶ የሚመጣውን ጥሩንባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታኮ ይዞ ከኋላ "ያዝ! ያዝ!" የሚለውን ረዳት። ቪዲዮ የሚያሳይ ባለ ሰፊ መስታወት ቴፕም በዚሁ ይደመራል።

ከመግዛትዎ በፊት

ጎንደር ውስጥ ከቅዳሜ ገበያ እስከ ፒያሳ ሱቆች፣ አዲስ አበባ ደግሞ መርካቶና ሶማሌ ተራ ድረስ ቴፕ ሞልቷል። ዋጋ እዚህ ላይ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉ ይታወሳል፤ ከዚያ ወዲህ የጻፉት ዋጋ በታተመ ማግስት ያረጃል። ሲያወዳድሩ ግን የቴፑን ዋጋ ብቻ አይያዙ። ኮንቨርተሩ፣ ፊውዙ፣ የዳሽቦርዱን ክፍተት የሚሞላው ክፈፍና የእጅ ሥራው ተደምረው አብሮት ከመጣው ቴፕ ጥገና ዋጋ ጋር ይተያዩ። የታወቀ ስም የተለጠፈበት ቴፕ እጅግ ረክሶ ካገኙትም ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያንብቡ።

ሌብነትም አለ። ለአንድ ዓይነት መኪና ብቻ የተቀረጸ የፋብሪካ ቴፕ ለሌባ ብዙም አያወጣም፤ በየትኛውም መኪና የሚገባው አዲሱ ግን ቶሎ ይሸጣል። ፊቱ ተነቅሎ በኪስ የሚገባውን መምረጥ ከቤት ውጪ ለሚያድር መኪና ይበጃል።

ተገጥሞ ካለቀና መኪናው ጥቂት ቀናት ከሠራ በኋላ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ባደረበት ጠዋት ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ያስለኩ። በደንብ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። በሁለቱ መካከል ከ0.2 ቮልት የበለጠ ልዩነት ከታየ ከመጋጠሚያቸው ላይ የተነሳች ሽቦ መኖር አለመኖሯን ያስፈትሹ። መለካቱ ደቂቃ አይፈጅም። የወጣውንም ቴፕ ከነሶኬቱ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ መኪናውን ሲሸጡ የሚጠይቅዎ ገዢ አይጠፋም።

የጎንደሩ ባለንብረት አሮጌውን ቴፕ ከሳጥን አውጥተው መልሰው አስገጥመዋል። ሹፌራቸው መለኮሻው ላይ በምትሰካዋ ማሠራጫ ፍላሹን ያዳምጣል። ከባትሪ ነጋዴው ጋርም ታርቀዋል።